«ፕላትሌትሽ ቶሎ ይጣበቃል» የሚል የዘረመል ውጤት ደረሰኝ፤ ልቤን ያሰጋዋል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ዶክተር፣ 36 ዓመቴ ነው። አባቴ በ51 ዓመታቸው በሃርት አታክ አረፉ። ታላቅ ወንድሜን ደግሞ በ43 ዓመቱ ያው ሕመም ያዘው። ስቴንት (የልብን ደም ስር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ገብቶለት አሁን ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉትን አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል ይወስዳል። እኔም ፈርቼ ምራቄን ለዘረመል ምርመራ ላክሁ። ውጤቱ ‹ፒኤልኤ2 የሚባለው የፕላትሌት ዘረመል አንድ ቅጂ አለሽ፤ ፕላትሌትሽ ቶሎ ይጣበቃል፤ ለሃርት አታክ ተጋላጭ ነሽ› ይላል። ተራዬን እየጠበቅሁ ነው ማለት ነው? በየቀኑ አስፒሪን ልጀምር? ልጆቼንስ ላስመርምር?»

ከመጨረሻው ልጀምር። አስፒሪኑን በራስዎ አይጀምሩ። ልጆቹንም ለዚህ ዘረመል ብለው አያስመርምሩ። ያ ወረቀት ስለ ልብዎ የሚነግረን ነገር እጅግ ትንሽ ነው። የአባትዎና የወንድምዎ ታሪክ ግን ብዙ ይነግረናል፤ ኋላ እመለስበታለሁ። ወንድምዎን የሚመለከት አንድ ጉዳይም አለኝ። እሱ ከዘረመል ጋር የምር የሚገናኝ ነው።

አንድ ነገር ላጥራ። ብዙ ሰው ሃርት አታክን «የልብ ድካም» ይለዋል። የልብ ድካም ሌላ ነው። ልብ ደም የመግፋት አቅሙ ሲያንስ፣ እግር ሲያብጥና ትንፋሽ ሲያጥር ነው። እኛ እዚህ የምናወራው የልብን ጡንቻ የሚመግበው ደም ቅዳ በረጋ ደም ድንገት ሲዘጋ ስለሚመጣው ሕመም ነው።

ፕላትሌት የምትገባው እዚህ ላይ ነው። በጣም ትንሽ ናት፤ ወርዷ ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር ቢሆን ነው። ኒውክለስ፣ ማለትም ዘረመል የሚቀመጥበት የሴል አስኳል፣ የላትም። በአጥንት መቅኒ ውስጥ ሜጋካርዮሳይት የሚባሉ ግዙፍ ሴሎች አሉ፤ ፕላትሌት ከእነሱ ተቆርሳ የወጣች ቁራሽ ናት። በአንድ ማይክሮሊትር ደም፣ ማለትም በሚሊሊትር አንድ ሺህኛ ውስጥ፣ ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ፕላትሌቶች ይገኛሉ። ዕድሜዋ ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ይህን ቁጥር ይያዙልኝ፤ አስፒሪን ጋ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

ሥራዋ ቀዳዳ መድፈን ነው። የደም ስሩ የውስጥ ሽፋን ጤነኛ ከሆነ ዝም ብላ ታልፋለች። ሽፋኑ ሲቀደድ ግን ከስሩ ያለው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ይገለጣል። እሱ ላይ ትያዛለች። ሳህን መሰል ቅርጿን ትታ እጅና እግር ታወጣለች። ኤዲፒና ትሮምቦክሴን የሚባሉ ኬሚካሎች ረጭታ ሌሎቹን ትጠራለች። ከዚያ ላይዋ ላይ ያሉት 80 ሺህ ገደማ መያዣዎች ይከፈታሉ። ፋይብሪኖጅን የሚባለውን ፕሮቲን አንዷ በአንዱ ጫፍ፣ ሌላዋ በሌላው ጫፍ ትይዘዋለች። እንዲህ እየተያያዙ ይከመራሉ። ቢላ ጣትዎን ሲቆርጥዎት ደሙ የሚቆመው በእነሱ ነው።

የልብ ደም ቅዳ ወርዱ ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ግድግዳው ውስጥ ለዓመታት የተጠራቀመው ስብ አንድ ቀን ሽፋኑ ይሰነጠቃል። ፕላትሌቷ ጣት ይሁን ልብ አታውቅም። የለመደችውን ትሠራለች፤ ትደፍናለች።

እርስዎ ላይ የተገኘው ልዩነት ያለው ፋይብሪኖጅን የሚይዘው መያዣ ላይ ነው። የመያዣውን አንዱን ክፍል በሚሠራው ዘረመል ውስጥ አንዲት ፊደል ተቀይራለች። በዚህ የተነሳ በፕሮቲኑ 33ኛ ቦታ ላይ ሉሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ በፕሮሊን ተተክቷል። በቃ፣ ይኸው ነው። ዘር ግንዳቸው ከአውሮፓ ከሆነ ሰዎች መካከል ከ4ቱ አንዱ ገደማ ቢያንስ አንድ ቅጂ ይዞ ይዞራል።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? ከባዶ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1996 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ አንድ ጥናት ወጣ። ሃርት አታክ ወይም ለዚያ የቀረበ የደረት ሕመም የያዛቸው 71 ሰዎች በአንድ ወገን፣ የልብ ሕመም የሌለባቸው 68 ሰዎች በሌላ ወገን ሆነው ተነጻጸሩ። ከታመሙት 39.4 በመቶው፣ ካልታመሙት 19.1 በመቶው ፒኤልኤ2 ነበራቸው። ከ60 ዓመት በታች ባሉት ላይ ልዩነቱ ይብሳል። መያዣው ደግሞ ፕላትሌቶች እርስ በርስ የሚያያዙበት ዋናው መሣሪያ ነው። ነገሩ ግጥም አለ። ብዙዎቻችን አምነን ነበር።

አሁን ግን በመቶኛው ፋንታ ሰዎቹን እንቁጠር። 39.4 በመቶ ማለት ከ71 ሰዎች 28ቱ ነው። 19.1 በመቶ ማለት ከ68 ሰዎች 13ቱ ነው። «ከ4 አንድ» በሚለው ስሌት ከ68ቱ 17 ገደማ መገኘት ነበረባቸው። ማለትም ጤነኞቹ ቡድን ውስጥ የጎደሉት አራት ሰዎች ናቸው። አራት ሰው! ታማሚዎቹ ውስጥ ደግሞ አሥር ያህል በዝተዋል። እንዲህ ያለ ትንሽ ቁጥር በዕድል ብቻ ወዲያና ወዲህ ሊዋዥቅ ይችላል። ተመራማሪዎቹ አጭበረበሩ ማለቴ አይደለም፤ ጥያቄው ተገቢ ነበር። መልሱ ግን ብዙ ሰው ይፈልጋል።

በዓመቱ ብዙ ሰው ያለበት ጥናት መጣ። ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ አሜሪካውያን ወንድ ሐኪሞችን ለዓመታት የተከታተለው ጥናት፣ በሃርት አታክ የተያዙትን 374 ሰዎች ካልተያዙት ጋር አነጻጸረ። ፒኤልኤ2 በሁለቱም ወገን እኩል ለእኩል ሆነ። ከዚያ በኋላ አንዱ ጥናት አለ፣ ሌላው የለም እያለ ቀጠለ። ሁሉም ሲደመር የቀረው፣ ካለም፣ በጣም ትንሽ የሆነ ጭማሪ ነው። የእርስዎ ወረቀት የ1996ቱን ዜና እንጂ ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጻፈም።

ይህ ማለት ፕላትሌት ከሰው ሰው አይለያይም ማለት አይደለም። በደንብ ይለያያል። በዓይኔ የማየው ነገር ነው። የምንለካበት ዘዴ ጉስታቭ ቦርን እ.ኤ.አ. በ1962 ያስተዋወቀው ነው፤ አሁንም እንሠራበታለን። ደሙ ቀስ ብሎ ይሽከረከራል። ቀዮቹ ሴሎች ሲዘቅጡ ላይ ፕላትሌት የሞላበት ድፍርስ ቢጫ ፈሳሽ ይቀራል። እሱን በትንሽ ብልቃጥ አድርገን፣ ከስሩ እየተማሰለ፣ ብርሃን እናሳልፍበታለን። ድፍርስ ስለሆነ ብርሃኑ እምብዛም አያልፍም። ከዚያ ጥቂት ኤዲፒ እንጨምራለን። የአንዱ ሰው ፕላትሌት ወዲያው ይሰባሰባል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ፈሳሹ ጉም እንደተገፈፈ ይጠራል። የሌላው ሰው በዚያችው መጠን ትንሽ ይሰባሰብና ሐሳቡን ይቀይራል፤ ይለቃቀቅና መልሶ ይደፈርሳል። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ሁለቱም ተመሳሳይ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት ነው የመጡት።

ይህ ልዩነት በዘር ይሄዳል። ፍራሚንግሃም በሚባለው የአሜሪካ የልብ ጥናት 2,413 ሰዎች ላይ ይኸው ዓይነት ምርመራ ተሠርቶ ወንድማማቾችና እህትማማቾች ተነጻጽረዋል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ። በኤዲፒ፣ በአድሬናሊንና በኮላጅን የሚቀሰቀሰው መጣበቅ የመወረስ መጠኑ ከ44 እስከ 62 በመቶ ተገመተ። ቀላል አይደለም። በዚያው ጥናት ፒኤልኤ2ም ተፈትሾ ነበር። ድርሻው ከ1 በመቶ በታች ሆነ። እንግዲህ የሚወረስ ነገር አለ፤ ግን እርስዎ ወረቀት ላይ ያለው አይደለም።

ታዲያ የትኛው ነው? አንድ አይደለም፤ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 መላውን ዘረመል የቃኘ ጥናት መጣበቅን የሚነኩ ሰባት ቦታዎች አወጣ። በዓመቱ ደግሞ ወደ 67 ሺህ ሰዎችን ያካተተ ሥራ የፕላትሌትን ብዛትና መጠን የሚወስኑ 68 ቦታዎች አገኘ። ከእነዚህ እያንዳንዱ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ፒር1 የሚባለው በተደጋጋሚ የታየ ነው። ፓር4 የሚባለው የትሮምቢን (ደም የሚያረጋው ኢንዛይም) ተቀባይ ደግሞ ሁለት ዓይነት አለው፤ አንደኛው ለትሮምቢን ይበልጥ ይነሣል። ይህ ንቁ ዓይነት ዘር ግንዳቸው ከአፍሪካ በሆነ አሜሪካውያን ዘንድ ከሌላው የበለጠ የተለመደ ነው፤ ነጮቹ ዘንድ ግን ያንሳል። የአንድ ሕዝብ አብዛኛው የተሸከመውን ነገር «ጉድለት» ብሎ መጥራት እኔን አይመቸኝም።

የምር ከባድ የሆነ ዘረመልም አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ኔቸር መጽሔት ላይ ሃርት አታክ የተደጋገመበት የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ታሪክ ወጣ። ችግሩ የተገኘው ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚያስተላልፈው መልእክት ላይ ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድ ለፕላትሌት «ተረጋጊ» የሚል ምልክት ነው። በዚያ ቤተሰብ ምልክቱን የሚቀበለው ኢንዛይም ተበላሽቶ ነበር። ፍሬን እንደሌለው መኪና ማለት ነው። እንዲህ ያለው ግን ብርቅ ነው፤ በተለመደው የምራቅ ምርመራም አይያዝም።

በተቃራኒው ጫፍ ያለውንም ልንገርዎት። ያው የእርስዎ መያዣ ጭራሽ የሌላቸው ሰዎች አሉ። ግላንዝማን የተባለ የስዊዘርላንድ የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1918 የገለጸው ሕመም ነው። እነዚህ ሰዎች ጥርስ ሲነቀል፣ የወር አበባ ሲመጣ፣ ነስር ሲነስር ደም እንቢ ይላቸዋል። መድኃኒት አምራቾች ይህን አይተው መያዣውን የሚዘጋ መርፌ ሠሩ፤ የልብ ደም ስር በሚከፈትበት ሰዓት ጠቀመ። ከዚያ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ሞከሩ። መጣበቅ ከቀነሰ ሃርት አታክ ይቀንሳል ብለን ነበር። ኪኒኑን የወሰዱት ሰዎች ሞት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ይህን ውጤት ካየሁ ወዲህ «ፕላትሌት ሲደክም ልብ ይድናል» የሚለኝን ሁሉ በጥርጣሬ ነው የምሰማው።

አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። ፒኤልኤ2 ለልብ ባይጠቅምም ለሌላ ይጠቅማል። ሁለት ቅጂ ያላት ሴት ስታረግዝ፣ ፅንሱ ከአባቱ ሌላኛውን ዓይነት ከወረሰ፣ ሰውነቷ የፅንሱን ፕላትሌት እንደ ባዕድ አይቶ ሊዋጋው ይችላል። ሕፃኑ ደም ሊፈስሰው ይችላል። እርስዎ አንድ ቅጂ ብቻ ስላለዎት ይህ አይመለከትዎትም። ግን ያ ድርጅት ለሴት ደንበኛው ስለ ልብ አስፈራርቶ ስለዚህ አንዲት ቃል አለመጻፉ ይገርመኛል።

ወደ አስፒሪኑ እንሂድ። አስፒሪን ትሮምቦክሴን የሚሠራውን ኢንዛይም ላይመለስ ይዘጋዋል። ሌላ ሴል ቢሆን አዲስ ኢንዛይም ይሠራል። ፕላትሌት ግን ኒውክለስ የላትም ብለናል፤ መተካት አትችልም። እስክትሞት፣ ማለትም ከ7 እስከ 10 ቀን፣ እንደተዘጋች ትኖራለች። በቀን አንዲት ትንሽ ኪኒን የምትበቃው ለዚህ ነው። ሃርት አታክ ለያዘው ሰው ይህ ነፍስ ያድናል። እ.ኤ.አ. በ1988 ከ17 ሺህ በላይ ታማሚዎች ላይ የተደረገው ሙከራ በአምስት ሳምንት ውስጥ በልብና በደም ስር የሚመጣውን ሞት በ23 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

ታሞ ለማያውቅ ሰው ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡ ሦስት ትልልቅ ሙከራዎች ጥቅሙ ትንሽ ወይም ምንም መሆኑን፣ መድማቱ ግን መጨመሩን አሳይተዋል። አንድ ታካሚ አስታውሳለሁ። እንደ እርስዎ የዘረመል ወረቀት ይዞ፣ ማንንም ሳያማክር፣ ለወራት አስፒሪን ሲወስድ ቆይቶ ነበር። የመጣው ግን ልቡን ብሎ አልነበረም። ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ፣ ሲነሳ ዓይኑን እያጨለመው ነው የመጣው። ጨጓራው ይደማ ነበር። ልቡ ደህና ነበር።

አሁን ወንድምዎ። በፕላትሌት መድኃኒት ዙሪያ ዘረመል የምር ቁም ነገር የሚሆንበት ቦታ ይህ ነው፤ ዘረመሉ ያለው ግን ፕላትሌት ላይ ሳይሆን ጉበት ላይ ነው። ክሎፒዶግሬል እንደተዋጠ አይሠራም። ጉበት ወደሚሠራው ዓይነት መቀየር አለበት። ዋናው ቀያሪ ሲዋይፒ2ሲ19 የሚባል ኢንዛይም ነው። አንዳንድ ሰው ደካማውን ዓይነት ወርሷል። ኪኒኑን በሰዓቱ ይውጣል፤ ፕላትሌቶቹ ግን እንዳልዋጠ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት ክሎፒዶግሬል ከሚወስዱት መካከል ደካማውን ዘረመል የያዙት ሰዎች ስቴንታቸው በረጋ ደም የመዘጋት ዕድሉ ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በዓመቱ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በመድኃኒቱ ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አስቀመጠ። ፕራሱግሬልና ቲካግሬሎር የሚባሉት ሌሎች መድኃኒቶች በዚህ ኢንዛይም ላይ እንዲህ አይመኩም።

ስለዚህ ወንድምዎ የልብ ሐኪሙን «ሲዋይፒ2ሲ19 ብመረመር ይጠቅመኛል?» ብሎ ይጠይቅ። ሐኪሙ «አያስፈልግም» ሊለውም ይችላል፤ ለሁሉም ሰው ይሠራ የሚለው ገና የሚያከራክር ነው። ለጨጓራው ኦሜፕራዞል ወይም ኢሶሜፕራዞል የሚወስድ ከሆነ ግን ይናገር፤ ያንኑ ኢንዛይም ያዳክማሉ። እስከዚያ አንዲት ኪኒን እንኳ በራሱ እንዳያቆም። አዲስ ስቴንት ያለበት ሰው ኪኒን በራሱ ማቆሙን ያህል የሚያስደነግጠኝ ነገር የለም።

ወደ እርስዎ ልመለስ። አባት በ51፣ ወንድም በ43። እኛ ወንድ ዘመድ ከ55 ዓመት በፊት፣ ሴት ዘመድ ከ65 በፊት በልብ ደም ስር ከታመመ «ያለ ዕድሜ የመጣ» እንለዋለን። እርስዎ ሁለት አለዎት። ይህ ከየትኛውም የፕላትሌት ዘረመል የበለጠ ያሳስበኛል። ምክንያቱም ፕላትሌት የምትከመረው የተሰነጠቀ ነገር ስታገኝ ነው። የሚሰነጠቀውን ነገር የሚያጠራቅመው ደግሞ በዋናነት ኮሌስትሮል ነው። በቤተሰብዎ ውስጥ ዘረመል ልፈልግ ከተባልኩ መጀመሪያ የምፈልገው እሱ ጋ ነው።

በዘር የሚመጣ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ከ250 ሰዎች አንዱ ገደማ ላይ አለ። አብዛኛው አያውቀውም፤ አያምም፣ አያሳክክም። ስለዚህ የሚያስፈልግዎት ተራ የደም ምርመራ ነው። ኤልዲኤል የሚባለው ኮሌስትሮል በዴሲሊትር 190 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ከመጣ ነገሩ የዘር ነው ብለን እንጠረጥራለን። ያኔ ልጆችዎም ይመረመራሉ፤ እያንዳንዳቸው የመውረስ ዕድላቸው ግማሽ ነው። ቶሎ ከተያዘ ደግሞ ጥሩ መድኃኒት አለው። ሊፖፕሮቲን ኤ የሚባለውን ኮሌስትሮል ተሸካሚ ቅንጣትም አብረው ያስለኩ። መጠኑን የሚወስነው በአብዛኛው ውርስ ስለሆነ በዕድሜ አንድ ጊዜ ከተለካ ይበቃል። ከ5 ሰዎች በአንዱ ከፍ ያለ ነው። የደም ግፊትና ስኳር ያው የታወቁ ናቸው። በእርግዝና ጊዜ ግፊት ይዞዎት ከነበረ ሳይጠየቁም ይናገሩ።

ሙሉ የደም ቆጠራም ይጨመርበት። የፕላትሌት ቁጥር ከ450 ሺህ በላይ ሆኖ ከቆየ ጃክ2 የሚባል ሚውቴሽን (የዘረመል ለውጥ) እንፈልጋለን። እሱ አይወረስም፤ በዕድሜ መሐል መቅኒ ውስጥ የሚፈጠር ነው። ደም ያረጋል፤ ሕክምናም አለው።

ያጨሳሉ? አልጻፉልኝም። በ52 አገሮች የተደረገ ጥናት ማጨስ የሃርት አታክን ዕድል ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚያደርስ አሳይቷል። ሲጋራ ፕላትሌትን ያስቆጣታል። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ከሲጋራ ጋር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። «ዘሬ ነው፣ ምን አደርጋለሁ» የሚል ካለም አንድ ቁጥር ልስጠው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት የዘረመል ተጋላጭነታቸው ከፍተኛ ከሆኑት መካከል አለማጨስ፣ መንቀሳቀስ፣ ከልክ በላይ አለመወፈርና ደህና አመጋገብ ከሚሉት አራት ነገሮች ቢያንስ ሦስቱን ያሟሉት ሰዎች አንዱን ብቻ ካሟሉት ወይም አንዱንም ካላሟሉት ይልቅ ተጋላጭነታቸው በ46 በመቶ ያነሰ ነበር።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ አንድ ነገር ይያዙ። ወንድምዎ በታመመበት ቀን ሆስፒታል እንደገባ የተሠራለት የኮሌስትሮል ውጤት ካለ ፎቶ አንስተው ይውሰዱ። የመጀመሪያው ቀን መሆኑ አስፈላጊ ነው። ከሃርት አታክ በኋላ አንድ ቀን ካለፈ ኤልዲኤል ራሱ ይወርዳል፤ መድኃኒት ሲጀመርማ ይበልጥ ይወርዳል። የምራቁን ወረቀት ቤት ቢተዉት ምንም አይጎድልም።